የገና መብራቱ፣ የፊት በሩና ቅጽ 5695

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በራሳችን ቤት ነው። የዛሬ ዓመት በገና ሰሞን የጣሪያውን ጠርዝና ደጅ ያሉትን ዛፎች ስናበራ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን። ስለዚህ በ2025 መኸር ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን የብሬከር ሳጥኑን በ2,800 ዶላር ወደ 200 አምፔር አሳደግነው። ከዚያ የገናውን መብራት በሙሉ ወደ ኤልኢዲ ቀየርን፤ 520 ዶላር ወጣ። በመግቢያው ዳር የሚተከሉ፣ በፀሐይ የሚሠሩ መብራቶችም በ120 ዶላር ገዛን። በዚያው ሰሞን የፊት በራችንን አስቀየርን፤ በሩ 900 ዶላር፣ የሠራተኛው ዋጋ 250 ነበር። ታክስ የሚሠራልን ሰው ‘ሁሉም ኃይል ቆጣቢ ነው፣ ተደምሮ 1,200 ዶላር የታክስ ክሬዲት ታገኛላችሁ’ ብሎናል። ባለቤቴ ተደስቷል። እኔ ግን ለገና ጌጥ መንግሥት ገንዘብ ይመልሳል የሚለው ነገር አልዋጥልህ አለኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ያልተዋጠልዎት በምክንያት ነው። ከዘረዘሯቸው አራት ነገሮች ክሬዲት (ከሚከፈለው ግብር ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ገንዘብ) የሚያስገኘው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉም ያነሰ ትኩረት የሰጡት የፊት በር ነው። ከተነገራችሁ 1,200 ዶላር ውስጥ በሕግ የሚጸናው 250 ዶላር ነው፤ እሱም በሩ የሚፈለገውን መስፈርት ካሟላ።

ሰውየው 1,200 እንዴት እንዳገኘ ግልጽ ነው። ወጪዎቹን ሁሉ ሲደምር 4,590 ዶላር መጣለት። 30 በመቶው 1,377 ነው፤ የዓመቱ ጣሪያ ደግሞ 1,200 ስለሆነ እዚያ ላይ ቆመ። ማባዛቱም ሆነ ጣሪያው ትክክል ናቸው። የሳተው ከማባዛቱ በፊት ያለውን ጥያቄ፣ ማለትም የትኛው ወጪ ይባዛል የሚለውን ነው።

በ2025 መጨረሻ ያበቃው ይህ ክሬዲት የሚገኘው በአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሕግ አንቀጽ 25ሲ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ2005ቱ የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለብዙ ዓመታት 10 በመቶ ብቻ የሚከፍልና በዕድሜ ልክ 500 ዶላር ጣሪያ የታጠረ ነገር ስለነበር ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በኦገስት 2022 የወጣው የዋጋ ንረት ቅነሳ ሕግ መጠኑን ወደ 30 በመቶ፣ ጣሪያውንም በየዓመቱ ወደሚታደስ 1,200 ዶላር ከፍ ሲያደርገው ነው ሰው ሁሉ ስለ ክሬዲት ማውራት የጀመረው። ወሬው ሲሰፋ ደግሞ ዝርዝሩ እየተረሳ «ኃይል ቆጣቢ ከሆነ 30 በመቶ ይመለሳል» የሚል አጭር ቃል ሆኖ ቀረ።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ሕጉ ዝርዝር ነው፣ ዝርዝሩም ዝግ ነው። የግድግዳና የጣሪያ ሙቀት መከላከያ፣ የአየር ማሾለኪያ መድፈኛ፣ የውጭ መስኮት፣ የውጭ በር፣ ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ፣ ማሞቂያ፣ የውኃ ማሞቂያ፣ ሂት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ ቤት የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ)፣ በእንጨት የሚሠራ ቀልጣፋ ምድጃ፣ በሙያተኛ የሚደረግ የቤት የኃይል ፍተሻ፤ እንዲሁም በቅድመ ሁኔታ የታሰረ የብሬከር ሳጥን። አለቀ። በዝርዝሩ ውስጥ መብራት የለም። የደጅም የሳሎንም፣ የገናም የዘወትርም መብራት የለም። ማቀዝቀዣ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያም የሉም፤ ምንም ያህል ቆጣቢ ቢሆኑ። ዝርዝሩን ደግሞ ደጋግሞ ላነበበው ሰው ሐሳቡ ይታየዋል። ሕግ አውጪዎቹ የከፈሉት ሙቀትና ቅዝቃዜ ከቤቱ እንዳያመልጥ ለሚያደርግ ነገር፣ ሙቀትና ቅዝቃዜውንም በትንሽ ኃይል ለሚያመጣ መሣሪያ ነው። በክረምት ከአንድ ቤተሰብ ኪስ ትልቁን ገንዘብ የሚወስደው ማሞቂያው እንጂ አምፖሉ አይደለም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሳጥኑ ነው። ለዓመታት በኤልኢዲ የጌጥ መብራት ሳጥኖች ላይ ኢነርጂ ስታር የሚለው ሰማያዊ የኃይል ቁጠባ ምልክት ሲታተም ኖሯል። ያው ምልክት በበርና በመስኮት ላይም አለ፤ ለበርና ለመስኮት ደግሞ ሕጉ በእርግጥ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ሰው ምልክቱን የክሬዲት ማኅተም አድርጎ ይወስደዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛዬ በትልቅ ፌስታል ባዶ የአምፖል ሳጥኖች ይዘው ቢሮዬ መጡ፤ ምልክቱን ከእያንዳንዱ ሳጥን ላይ በመቀስ ቆርጠው በወረቀት ላይ ለጥፈውት ነበር። እንደዚያ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ነገር ግን ለምንም የማይጠቅም ማስረጃ አይቼ አላውቅም። ምልክቱ የሚናገረው ዕቃው ኃይል እንደሚቆጥብ ነው። አይአርኤስ (የፌዴራል ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ገንዘብ ይመልስልሃል አይልም።

ሌላው የስሕተት ምንጭ ከንግዱ ዓለም የሚመጣ ነው። 179ዲ የሚባል ሌላ አንቀጽ አለ፤ እሱም በዚያው በ2005 የተወለደ ነው። የንግድ ሕንፃ ባለቤቶች ለውስጥ መብራት ማሻሻያ ያወጡትን ወጪ ከገቢያቸው እንዲቀንሱ የፈቀደ ነው። የመብራት ተቋራጮች ማስታወቂያ ላይ «ለኤልኢዲ የታክስ ጥቅም» የሚለው ከዚያ የተቀዳ ነው። እሱ ግን ለንግድ ሕንፃ እንጂ ለመኖሪያ ቤት አይደለም፤ ለውስጥ መብራት እንጂ በጣሪያ ጠርዝ ላይ ለሚንጠለጠል አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ወጪ፣ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ልምጣ። እዚህ ላይ ታክስ አዘጋጃችሁ ከአየር ላይ አላመጣውም። 200 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚችል የብሬከር ሳጥን በሕጉ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ እስከ 600 ዶላርም ያስገኛል። ነገር ግን ከሥሩ አንድ ሐረግ ተጽፏል፦ ሳጥኑ የሚቆጠረው በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ሌላ ማሻሻያ ጋር አብሮ ሲገጠምና ያንን ማሻሻያ የሚያስችል ሲሆን ነው። ሂት ፓምፕ ለማስገባት አሮጌው ሳጥን አልችል ብሎ ቀይራችሁት ቢሆን ኖሮ ክሬዲቱ ይገባችሁ ነበር። እናንተ ግን የቀየራችሁት ለገና መብራት ነው፤ መብራት ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በሩም አያድናችሁም፤ በር ለመግጠም ኤሌክትሪክ አያስፈልግምና።

ሳጥኑን በተመለከተ ከታክስ ውጭ የሆነ አንድ ነገርም ልበል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። በደጅ ያለው ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ15 አምፔር መስመር ነው። 15 አምፔር በ120 ቮልት ሲባዛ 1,800 ዋት ይሆናል፤ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚበራ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ደንቡ የሚፈቅደው 80 በመቶውን፣ ማለትም 1,440 ዋቱን ነው። አሮጌው ትልቅ የገና አምፖል አንዱ 7 ዋት ይበላል። 200 አምፖል ሰቅላችሁ ከነበረ 1,400 ዋት ሆነ፤ ልክ ጠርዙ ላይ። በዚያው መስመር ላይ በነፋስ የሚነፋ አሻንጉሊት ወይም ሌላ ነገር ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል፤ መውረዱም ሥራው ነው። ዋናውን ሳጥን ወደ 200 አምፔር ማሳደግ የደጁን መስመር ከ15 አምፔር ከፍ አያደርገውም። ችግሩን የፈታላችሁ 2,800 ዶላሩ ሳይሆን 520 ዶላሩ ነው፤ 200 የኤልኢዲ አምፖል እያንዳንዱ 0.6 ዋት ገደማ ቢወስድ በድምሩ 120 ዋት ነው። ሳጥኑ አርጅቶ ከነበረ መቀየሩ አልከፋም። ብሬከሩ ስለወረደ ብቻ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

በፀሐይ የሚሠሩትን የመግቢያ መብራቶች በተመለከተ ብዙ አልቆይም። እነሱን የሚመለከተው ሌላ አንቀጽ ነው፣ 25ዲ። ይህ በጣሪያ ላይ የሚገጠም የፀሐይ ኃይልን፣ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያን፣ ቢያንስ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪንና የመሳሰሉትን 30 በመቶ ይከፍል የነበረው ነው። ሕጉ የሚለው ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት የሚውል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ንብረት ነው። አፈር ላይ ተተክላ በራሷ ቅንጣት ፓነል ራሷን ብቻ የምታበራ መብራት ለቤቱ አንዲት ዋት አትሰጥም። 120 ዶላሩን ይርሱት።

በሩ ግን ሌላ ነው፤ ጊዜ ወስደን እንየው። የውጭ በር 30 በመቶ ያስገኛል፤ ለአንድ በር ከ250 ዶላር፣ ለሁሉም በሮች ተደምሮ ከ500 ዶላር አይበልጥም። ለበር፣ ለመስኮትና ለሙቀት መከላከያ የሠራተኛ ዋጋ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው። (ለማሞቂያና ለሂት ፓምፕ የሠራተኛውም ዋጋ ይቆጠራል፤ ይህ ልዩነት ባለሙያ ነን የሚሉትን ሳይቀር ያሳስታል።) ስለዚህ የእናንተ 250 ዶላር የሠራተኛ ክፍያ ይወጣና 900 ይቀራል። የ900 ዶላር 30 በመቶ 270 ነው፤ ጣሪያው 250 ስለሆነ 250 ትጽፋላችሁ። ደረሰኙ ላይ የበሩና የሠራተኛው ዋጋ ተለያይቶ ካልተጻፈ ከሻጩ ዝርዝር ደረሰኝ ይጠይቁ።

በሩ ሊያሟላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አዲስ መሆን አለበት። የኢነርጂ ስታርን መስፈርት ማሟላት አለበት። የተገጠመው ባለቤት ሆናችሁ በዋናነት በምትኖሩበት ቤት ላይ መሆን አለበት፤ የእናንተ እንደዚያ ነው። ቤቱ አዲስ እየተሠራ ሳይሆን የነበረ ቤት መሆን አለበት። ተገጥሞ ማለቅ ያለበት እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ነው፤ በመኸር ስላስገጠማችሁት ይህም ተሟልቷል። ለ2025 የመጣ አዲስ ጥያቄም አለ፦ በሩን የሠራው ፋብሪካ በአይአርኤስ ተመዝግቦ ያገኘው አራት ፊደልና ቁጥር ያለው የመለያ ኮድ ክሬዲቱ በሚጠየቅበት በቅጽ 5695 ላይ መሞላት አለበት። ኮዱን ረስቶ ቅጹን የላከ ሰው ክሬዲቱን ለራሱ እንደዘጋ ይቁጠረው።

ሌላም ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ይህ ክሬዲት ከሚከፍሉት ግብር ላይ ይቀነሳል እንጂ ከዚያ አልፎ በእጅ አይሰጥም። የዓመቱ ግብራችሁ በሌሎች ክሬዲቶች ተቀንሶ ዜሮ ከገባ 250ዋ ትጠፋለች፤ ወደሚቀጥለው ዓመትም አትሻገርም። የፀሐይ ኃይሉ ክሬዲት ግን ይሻገራል። ሁለቱን በአንድ ከረጢት የሚከት ታክስ አዘጋጅ ካጋጠመዎት ይጠንቀቁት።

«ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ» የሚለውም አይሠራም። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ ሁለቱንም አንቀጾች ዘግቷቸዋል። ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ የተገጠመ በር፣ መስኮት ወይም ሂት ፓምፕ የፌዴራል ክሬዲት አያገኝም። የፀሐይ ኃይልም እንዲሁ፤ በ2025 ገንዘቡን ከፍላችሁ ገጠማው በ2026 ከተጠናቀቀ አይቆጠርም። ስልክ ደውሎ «የመንግሥት ገንዘብ ሳያልቅ ሶላር ያስገጥሙ» የሚል ሻጭ ካለ፣ የመኖሪያ ቤት ክሬዲቱ አልቋል ብለው ስልኩን ይዝጉ።

ወደ ኋላ መመለስ ግን ይቻላል፤ ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ እውነተኛው ገንዘብ ያለው እዚያ ይመስለኛል። በ2023 ወይም በ2024 መስኮት፣ በር ወይም ማሞቂያ ቀይረው ሳይጠይቁ የቀሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። መመለሻውን (ያስገቡትን የዓመቱን የግብር ማስታወቂያ) በቅጽ 1040-ኤክስ አስተካክሎ ለመጠየቅ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ጊዜ አለ። የ2023ቱን በጊዜው ያስገባ ሰው እስከ ኤፕሪል 2027 ድረስ መጠየቅ ይችላል። የፋብሪካው ኮድም ለእነዚያ ዓመታት አይጠየቅም። የአምፖል ሳጥን ከመቁረጥ ይልቅ የድሮ ደረሰኝ ያለበትን መሳቢያ ማገላበጥ ይሻላል። በሜሪላንድ ደግሞ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ኢምፓወር በሚባለው የክልሉ መርሐ ግብር በኩል የራሳቸው ቅናሽና የቤት ፍተሻ አላቸው፤ ያ ከፌዴራል ክሬዲቱ የተለየ ነው። ከኤሌክትሪክ ኩባንያ ቅናሽ አግኝተው የገዙት ዕቃ ላይ ክሬዲት ሲጠይቁ ግን ቅናሹን ከዋጋው ላይ ቀንሰው ነው።

ታክስ አዘጋጃችሁን በተመለከተ፣ ሰውየውን ስለማላውቀው ክፉ ሐሳብ አለው አልልም። ባለማወቅም ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ መመለሻው ላይ በስሙ ይፈርማል ወይ? ፒቲን የሚባለውን የአዘጋጅ መለያ ቁጥርስ ይጽፋል ወይ? በክፍያ ታክስ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ማድረግ ግዴታው ነው። ሁለተኛ፣ ክፍያው የተወሰነ ዋጋ ነው ወይስ ከተመላሹ በመቶኛ የሚወሰድ? ከተመላሹ የሚቆርጥ ከሆነ 1,200 ዶላሩ ለእሱም ጭምር እንደሚጣፍጠው ይወቁት። ፊርማ የሌለው መመለሻ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ግን ወረቀቶችዎን ተቀብለው ወደ ሌላ ይሂዱ። በማኅበረሰባችን ውስጥ «ለእገሊት ይህን ያህል አስመለሰላት» እየተባለ በአፍ የሚተላለፍ ዝና አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእገሊት የመጣላትን ደብዳቤ ግን ማንም አያወራውም።

ያ ደብዳቤ ቢመጣ ምን ይከተላል? ከሚገባው በላይ የተጠየቀው 950 ዶላር ይመለሳል፤ ወለድ ይጨመርበታል። በግዴለሽነት የተሠራ ነው ከተባለ ደግሞ 20 በመቶ ቅጣት አለ፤ በዚህ ሁኔታ 190 ዶላር። በመመለሻው ላይ የፈረማችሁት እናንተ ናችሁና የምትጠየቁትም እናንተው ናችሁ፤ «ታክስ የሚሠራልን ሰው ነው ያለው» የሚለው መልስ ዕዳውን አያነሳውም። ቅጹ አስቀድሞ ተልኮ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ። አይአርኤስ ራሱ ከመጠየቁ በፊት በ1040-ኤክስ አስተካክሎ የከፈለ ሰው በአብዛኛው ከዚህ ቅጣት ይድናል።

የኤልኢዲ ጥቅም የት ነው ካሉ፣ ቆጣሪው ላይ ነው። እስቲ በእናንተው ቤት እናስላው። የአሜሪካውያን የምሥጋና ቀን (ታንክስጊቪንግ) በ2025 ኖቬምበር 27 ነበር፤ ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 በሦስት ቀን ብቻ ይርቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ገና፣ እስከ ታኅሣሥ 29፣ ማለትም ጃንዋሪ 7 ድረስ 42 ሌሊት ነው። ጎረቤቶቻችሁ በአዲስ ዓመታቸው ማግሥት መሰላል አውጥተው መብራታቸውን ሲያወርዱ የእናንተ ገና ገና አልደረሰም! ስድስት ተጨማሪ ሌሊት ይበራል ማለት ነው። በየሌሊቱ ለስድስት ሰዓት ያህል ብናበራና ኤሌክትሪኩን በኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም ብናስበው (የእርስዎን ትክክለኛ ዋጋ ከቢልዎ ላይ ያንብቡ)፣ አሮጌዎቹ 200 አምፖሎች በ42 ሌሊት 353 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በልተው ወደ 63 ዶላር ከ50 ያስከፍላሉ። ኤልኢዲዎቹ 30 ኪሎዋት ሰዓት፣ 5 ዶላር ከ44 ሳንቲም። ስድስቱ የኛ ሌሊቶች ለብቻቸው በአሮጌው አምፖል 9 ዶላር ገደማ ነበሩ፤ አሁን 78 ሳንቲም ናቸው።

በዓመት 58 ዶላር ያህል ተቆጠበ ማለት ነው። ደስ ይላል፤ ነገር ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ 520 ዶላሩ በቁጠባ ብቻ የሚመለሰው በዘጠኝ የገና ሰሞን ነው። ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ ማጥፊያ ገዝታችሁ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይበራ ብታደርጉ ያም የራሱ ድርሻ አለው። ግን ከኤልኢዲ በኋላ የሚተርፈው ትንሽ ስለሆነ ልጆቹ ሲተኙ አጥፉት ብዬ አልጨቃጨቅዎትም። መብራቱን የገዛችሁት ለዓይን ነው። ለዓይን የተገዛ ነገር ደግሞ በኪስ ካልተመለሰ ማለት አይገባም።

ምናልባት ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ጉዳዩ ከእርስዎ ሊለይ ይችላልና አንድ ነገር ልጨምር። በዋሽንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ምግብ ቤት ያለው ሰው በምግብ ቤቱ መስኮትና በር ላይ የሚሰቅለው የገና መብራት እንደ ማንኛውም የንግድ ወጪ ከገቢው ይቀነስለታል። ያ ግን ክሬዲት አይደለም። ክሬዲት 100 ዶላር ሲባል ግብሩ 100 ዶላር ይቀንሳል፤ የሚቀነስ ወጪ 100 ዶላር ሲባል ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው በ100 የሚቀንሰው፤ በ12 በመቶ እርከን ላይ ላለ ሰው የገቢ ግብሩ የሚወርደው በ12 ዶላር ነው። በቤታቸው የሕፃናት መዋያ የሚያካሂዱ እኅቶችም አሉ፤ ለእነሱ ከቤቱ አጠቃላይ የኤሌክትሪክ ቢል የንግዱ ድርሻ ተሰልቶ በቅጽ 8829 ይቀነሳል፤ የመኖሪያ ቤቱ የደጅ ጌጥ ግዢ ግን የግል ወጪ ነው። ቤቱን ለተከራይ ሰጥቶ ራሱ ሌላ ቦታ የሚኖር ሰውም በተከራይው በር ላይ 25ሲን መጠየቅ አይችልም።

አሮጌዎቹን አምፖሎች ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተን በስጦታ እናስቀንሳቸው ወይ የሚል ጥያቄም በየዓመቱ ይመጣልኛል። ያገለገለ ዕቃ የሚገመተው ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ነው፤ ሰባት ዋት የሚበላ የድሮ አምፖል ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ እርስዎ ይፍረዱ። ለ2025 ደግሞ በጋራ የሚያስገቡ ባልና ሚስት መደበኛ ተቀናሽ (ወጪ ሳይዘረዘር ከገቢ የሚቀነሰው መጠን) 31,500 ዶላር ስለሆነ ስጦታ የሚጠቅመው ወጪዎቹን ዘርዝሮ ከዚያ በላይ ለሚያልፍ ሰው ብቻ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን የኤሌክትሪክ ቢል ማብዛት ነው።

እርስዎ አሁን ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። የበሩን ዝርዝር ደረሰኝ ይያዙ። ከበሩ ጋር የመጣውን የፋብሪካ ማረጋገጫ ወረቀት ይፈልጉ፤ ከሌለ ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የበሩን ሞዴል አስገብተው ይፈልጉትና ያትሙት። ባለ አራት ፊደሉን ኮድ እዚያው ያገኙታል፤ ካላገኙት አምራቹን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ ለታክስ አዘጋጃችሁ ቅጽ 5695 ሁለተኛ ክፍል ላይ ከበሩ በስተቀር ሌላው መስመር ባዶ እንዲሆን ይንገሩት። አልስማማም ካለ ሳጥኑ ለየትኛው የተፈቀደ መሣሪያ እንደተገጠመ በጽሑፍ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት። የ2025 መመለሻ ማስገቢያ ቀነ ገደብ ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ነው፤ ኮዱ ሳይገኝ ቅጹ እንዳይላክ።